መንገዶች ስም ሲያጡ፦ ዩቱ አርባ የቆዩ ዘፈኖቹን ለምን ደግሞ ቀዳቸው?

እ.ኤ.አ. በ1986 ደብሊን ከተማ ውስጥ አንድ ዘፈን አንድን ሰው አንገሸገሸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው ብራያን ኢኖ ይባላል። ዩቱ የተባለውን የአየርላንድ የሮክ ባንድ አልበም ፕሮዲዩስ ከሚያደርጉት ሁለት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ዘፈኑ ይቀዳል፣ ይሰረዛል፣ ደግሞ ይቀዳል፤ አንዱን ጎኑን ሲጠግኑት ሌላው ይተረተራል። ኢኖ ኋላ ሲያስታውሰው፣ ለአልበሙ ከዋለው ጊዜ ግማሽ ያህሉን የበላው ይህ አንድ ዘፈን ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ቴፑን ሊያጠፋው ተነሣ። ክፋት አልነበረም። በተጣጣፈ ልብስ ላይ ሌላ እራፊ ከመደረት፣ በአጋጣሚ የጠፋ አስመስሎ ባንዱን ከባዶ ማስጀመር ይሻላል የሚል ስሌት ነው። ረዳት የድምፅ ባለሙያው ደርሶ ያዘውና ቴፑ ተረፈ።

ያ ዘፈን «ዌር ዘ ስትሪትስ ሃቭ ኖ ኔም» ነው፤ «መንገዶች ስም በሌላቸው ስፍራ» እንደማለት። ማርች 9 ቀን 1987 የወጣው «ዘ ጆሽዋ ትሪ» የተባለው አልበም መክፈቻ ሆነ። አልበሙ በዓለም ዙሪያ ከ25 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ፤ አራቱን የደብሊን ልጆችም የዘመኑ ትልቁ ባንድ አደረጋቸው።

ከ36 ዓመት በኋላ ኢኖ ሊያደርገው ፈልጎ ያልሆነለትን ባንዱ ራሱ አደረገው። ያንን ዘፈን ከባዶ ጀመረው። ያንን ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ሠላሳ ዘጠኝ ዘፈኖችንም ጭምር።

*

አልበሙ «ሶንግስ ኦፍ ሰሬንደር» ይባላል፤ «እጅ የመስጠት ዘፈኖች» ብንለው ያስኬዳል። ማርች 17 ቀን 2023፣ አየርላንዳውያን የቅዱስ ፓትሪክን በዓል በሚያከብሩበት ዕለት ወጣ። አርባ ዘፈን፣ አራት ክፍል፣ በእያንዳንዱ ክፍል አሥር ዘፈን። ክፍሎቹ በአራቱ አባላት ስም ተሰይመዋል፦ ጊታሪስቱ ዘ ኤጅ፣ ከበሮ መቺው ላሪ መለን፣ ቤዝ ጊታሪስቱ አዳም ክሌይተንና ድምፃዊው ቦኖ።

ሥራው የተጀመረው ኮቪድ ሰውን ሁሉ ቤቱ ባስቀመጠበት ጊዜ ነው። ዋናው ጠንሳሽ ዘ ኤጅ ነበር። የስታዲየም ጩኸት የለመዱትን ዘፈኖች ወስዶ ልብሳቸውን አወለቀ። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ወረደ፤ በምትኩ አኮስቲክ ጊታር፣ ፒያኖ፣ አንዳንድ ቦታ ቼሎ ገባ። ፍጥነታቸው ቀነሰ፤ አንዳንዶቹን ቦኖ ሳይሆን ኤጅ ራሱ ዘፈናቸው። ግጥማቸው የተለወጠም አሉ። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በኖቬምበር 2022፣ ቦኖ አርባ ምዕራፍ ያለውና እያንዳንዱን ምዕራፍ በአንድ ዘፈን የሰየመ የሕይወት ታሪክ መጽሐፉን አሳትሞ ነበር። መጽሐፉና አልበሙ በዘፈን ዝርዝራቸው ሙሉ በሙሉ ባይገጥሙም የአንድ ወቅት፣ የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

የሙዚቃ ታሪክን ለሚያውቅ ሰው «የድሮ ዘፈንን ደግሞ መቅዳት» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ገንዘብ ነው። ምክንያቱም አንድ ዘፈን ሁለት ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ዜማውና ግጥሙ የደራሲው ነው። በስቱዲዮ የተቀዳው ድምፅ፣ «ማስተር» የሚባለው፣ ግን ብዙ ጊዜ የአሳታሚው ኩባንያ ነው። ከኩባንያው ጋር የተጣላ ወይም የተለያየ ዘፋኝ ማስተሩን መውሰድ አይችልም። ዘፈኑን ደግሞ መዝፈን ግን ይችላል።

ቻክ ቤሪ በ1966 ቼስ ከተባለው ኩባንያ ወደ መርኩሪ ሲዛወር፣ በማግስቱ ዓመት የቀድሞ ዝነኛ ዘፈኖቹን ለአዲሱ ኩባንያ ደግሞ ቀድቶ አስረከበ። ዴፍ ሌፐርድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ደግሞ በ2012 ከኩባንያው ጋር በኢንተርኔት ሽያጭ ክፍያ ሳይስማማ ቀረና ሁለት ታዋቂ ዘፈኖቹን ከመጀመሪያው ለመለየት እስኪያስቸግር አስመስሎ ሠራቸው። ድምፃዊው ጆ ኤሊየት የራሳቸውን ሥራ ፎርጅድ አድርገው እንደሠሩት ሲናገር አላፈረም። ቴይለር ስዊፍትም ማስተሮቿ ያለ ፈቃዷ ስለተሸጡ ከ2021 ጀምሮ አልበሞቿን አንድ በአንድ ደግማ ቀዳች፤ በ2025 የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ገዝታ እስክታስመልስ ድረስ።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በሸክላ ዘመን ከክቡር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራዎች ጋር የተጫወቱ ድምፃውያን፣ በካሴት ዘመን ዘፈኖቻቸውን ከአዲስ ባንድ ጋር ደግመው ሠርተዋል። «የሸክላው ይበልጣል»፣ «የለም የካሴቱ» የሚለው ክርክር ዛሬም ቡና ላይ አላለቀም።

ዩቱን ግን እንዲህ ያለ የውል ጣጣ አላስገደደውም። ሥራ አስኪያጃቸው የነበረው ፖል መጊነስ ለመብታቸው አጥብቆ በመደራደር ይታወቃል። ታዲያ በስልሳ ዓመት ዕድሜ አርባ ዘፈን ከባዶ መጀመር ለምን አስፈለገ?

*

አንዱ ምክንያት ያላለቀ ሥራ ነው። ቦኖ በወጣትነቱ ግጥም የሚጽፈው እንደ ገጣሚ ተቀምጦ አልነበረም። ባንዱ ይጫወታል፣ እሱ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ የመጣለትን ይላል፤ የቀረውን ኋላ ያስተካክለዋል። ብዙ ጊዜ ያ «ኋላ» ሳይመጣ አልበሙ ይወጣል። «ፕራይድ»ን እና «ባድ»ን የመሰሉ ታላላቅ ዘፈኖቹ ንድፍ ሆነው እንደቀሩ፣ ስለ ስም የለሽ መንገዶች የዘፈነውም ግጥሙ እንዳላለቀ ደጋግሞ ተናግሯል። ሕዝቡ በሺዎች ሆኖ አብሮት ሲዘፍን፣ እሱ ውስጥ ለውስጥ የጎደለውን መስመር ይቆጥር ነበር።

ሌላው ዕድሜ ነው። «አውት ኦፍ ኮንትሮል» የተባለውን ዘፈን የጻፈው ሜይ 10 ቀን 1978፣ አሥራ ስምንተኛ ዓመቱን በደፈነበት ዕለት ነው። መወለድም መሞትም በሰው እጅ አይደሉም የሚል የጎረምሳ ግኝት ነበር። በ1979 በመጀመሪያዋ አነስተኛ ሸክላቸው ላይ ሲወጣ ጊታሩም ድምፁም ይሮጣል። ያ ልጅ ስለ ሞት የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር። አሥራ አራት ዓመቱ ሳለ፣ በሴፕቴምበር 1974፣ እናቱ አይሪስ የገዛ አባቷ ቀብር ላይ ወድቃ ከቀናት በኋላ ሞታለች። «አይ ዊል ፎሎው» የተባለው ዘፈን የዚያ ሐዘን ልጅ ነው።

በ2016 መጨረሻ ቦኖ ራሱ ኒውዮርክ ውስጥ ደረቱ ተከፍቶ ከባድ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። መጽሐፉን የሚጀምረውም በዚያ ነው። እንግዲህ ስለ መወለድና መሞት አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት የገመተውን፣ አሁን ከሞት ደጅ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሆኖ ይዘፍነዋል። ያው ዘፈን ነው፤ ዘፋኙ ግን አያስቸኩለውም። የእናቱንም ዘፈን ሲዘፍን የሚሰማው ልጅ ሳይሆን፣ እናቱ ከሞተችበት ዕድሜ ያለፈ አዛውንት ነው። እንዲህ ባሉት ቦታዎች ድጋሚ ቅጂው ራሱን ችሎ ይቆማል። አሮጌውን አልተካም፤ አሮጌው ሊናገር የማይችለውን ተናገረ።

*

አልበሙ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያነጋግረው ግን «ዎክ ኦን» ነው።

ይህ ዘፈን በ2000 ሲወጣ ለአንዲት ሴት የተበረከተ ነበር፤ በምያንማር ወታደራዊ መንግሥት በቁም እስር ለነበሩት ለአውንግ ሳን ሱ ቺ። ዘፈኑን የያዘው አልበም እዚያ አገር ታገደ፤ ይዞ መገኘትም ያሳስር ነበር። በ2009 የዓለም ጉብኝታቸው ደጋፊዎች የሴትየዋን ምስል ጭምብል አጥልቀው መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። በ2010 ተፈቱ፤ ኋላም የአገራቸውን መንግሥት እስከ መምራት ደረሱ።

ከዚያ 2017 መጣ። ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ሮሂንጃዎች ከጦሩ ጥቃት ሸሽተው ባንግላዴሽ ገቡ። ሱ ቺ ዝም አሉ። ቦኖም ቢያንስ ሊናገሩ፣ የሚሰማቸው ካጡ ደግሞ ሥልጣን ሊለቁ እንደሚገባ በይፋ ተናገረ። ለአሥራ ሰባት ዓመት ያጀባቸው ዘፈን ባለቤት አጣ።

በአዲሱ አልበም ላይ ዘፈኑ «ዩክሬን» የሚል ቅጥያ ይዞ መጣ። ግጥሙ ተለውጦ፣ ከኮሜዲያንነት ወደ ፕሬዚዳንትነት የመጣውን ሰውና ጦርነት ላይ ያለ ሕዝብን የሚመለከት ሆነ። ቦኖና ኤጅ በሜይ 2022 ኪየቭ ድረስ ሄደው፣ ሰው ከቦምብ በተጠለለበት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ተጫውተው ነበር።

ይህን እንደ ክህደት ማየት ይቻላል፤ እንደ ታማኝነትም ማየት ይቻላል። ዘፈኑ ከመጀመሪያውም የሰዎች ሳይሆን የሐሳብ ነበር፤ ያ ሐሳብ የከዳውን ትቶ ወደሚያስፈልገው ሄደ ሊባል ይችላል። ነገር ግን ታሪክ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። በፌብሩዋሪ 2021 ጦሩ መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ ሱ ቺን እንደገና አሰረ። ማለትም ዘፈኑ ከእጃቸው ተወስዶ ለሌላ ሲሰጥ፣ ሴትየዋ መጀመሪያ ወደተዘፈነላቸው ቦታ ተመልሰው ነበር።

ለመሪ የተዘፈነ ዘፈን ዕድሜው ስንት እንደሆነ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረጃ አይፈልግም። ሦስት ሥርዓት ሲለዋወጥ ያየ ሰው፣ ትናንት በአደባባይ የተዘመረው ዛሬ እንዴት እንደሚደበቅ ያውቃል። ልዩነቱ ዩቱ አሮጌውን አለመደበቁ ነው። የ2000ው ቅጂ እንደነበረ ይሰማል፤ የ2023ቱ ከጎኑ ቆሟል። ሁለቱን አከታትሎ የሚሰማ ሰው የሚያገኘው የአንድን ዘፋኝ እምነት ታሪክ ነው፤ ስሕተቱንም ጨምሮ።

*

«ሰንደይ ብለዲ ሰንደይ»ም ተነካክቷል። ዘፈኑ በ1983 ሲወጣ መነሻው ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 ነበር፤ በሰሜን አየርላንድ ደሪ ከተማ የብሪታኒያ ወታደሮች ሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎች የገደሉበት እሑድ። አንድ ቁስለኛ ደግሞ ኋላ ሞተ። የብሪታኒያ መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን አፍ በፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው፤ ከ38 ዓመት በኋላ።

የመጀመሪያው ቅጂ በላሪ መለን የሰልፈኛ ከበሮ ይጀምርና በክርስቶስ ድል ላይ በተመሠረተ ተስፋ ይዘጋል። በአዲሱ ያ እርግጠኝነት ወደ ጥያቄ ተለውጧል፤ ያ ድል የት አለ ብሎ ይጠይቃል። ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት ያመነውን ሰው በስልሳ ሁለቱ ሲጠይቀው መስማት ከባድ ነው። ነገር ግን የሰሜን አየርላንድ እናቶች ይቅርታ ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቁ የሚያስብ ሰው፣ ጥያቄው እምነት ማጣት ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

በሌላ በኩል ማንም ሰው ሊያርመው የሚገባ ስሕተትም አለ። «ፕራይድ» ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው፤ በ1984ቱ ቅጂ ግድያቸው ጠዋት የተፈጸመ ተደርጎ ተዘፍኗል። ኪንግ የተገደሉት ግን ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ምሽት ላይ ነው፤ ሜምፊስ፣ ከቀኑ 12 ሰዓት ከ1 ደቂቃ። ቦኖ ስሕተቱን አምኖ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ «ምሽት» እያለ ያርመዋል። ሆኖም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሸክላዎችና ካሴቶች ላይ ዛሬም ጠዋት ነው። አንዴ የወጣ ድምፅ እንዲህ ነው፤ ከጎኑ ሌላ ማቆም ይቻላል፣ እሱን መመለስ ግን አይቻልም።

*

አልበሙ ሁሉ ግን አልተሳካም። «ቨርቲጎ» ከነስሙ ጭንቅላት የሚያዞር ዘፈን ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ሲነቀልበት የቀረው ብዙ አይደለም። አርባ ዘፈን ተራ በተራ ሲንሾካሾክ፣ ሃያኛው ላይ የደረሰ አድማጭ አንድ ሰው ከበሮ እንዲመታለት ይመኛል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጉድለት ያለው። ይህ ባንድ በ1976 የተመሠረተው ገና አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ላሪ መለን ደብሊን በሚገኘው ማውንት ቴምፕል ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ሙዚቀኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ስለለጠፈ ነው። በአዲሱ አልበም አሥር ዘፈኖች በስሙ ተሰይመውለታል፤ የከበሮው ድርሻ ግን እጅግ አንሷል። ሰውነቱም በዕድሜ ልክ ምት ተጎድቶ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ላስ ቬጋስ በሚገኘው ስፊር አዳራሽ ባንዱ ተከታታይ ዝግጅቱን ሲጀምር ከበሮው ላይ የተቀመጠው ብራም ቫን ደን በርግ የተባለ ሆላንዳዊ ነበር። የአራት ሰው ዘፈን በሁለት ሰው ሲታሰብ ምን እንደሚያጣ አልበሙ ሳያስበው አሳይቷል።

ሃያሲዎች ተከፋፈሉ። አልበሙ በብሪታኒያ አንደኛ፣ በአሜሪካ አምስተኛ ደረጃ አገኘ። በ2014 አዲስ አልበማቸው ሳይጠየቅ ወደ ግማሽ ቢሊዮን የአይቱንስ ደንበኞች ዘንድ ገብቶ ያስከተለውን ቁጣ ለሚያስታውስ ሰው፣ ይኸኛው ቢያንስ ፈልጎ ለመጣ ብቻ የተከፈተ በር ነው።

*

አሁን ኢኖ ሊያጠፋው ወደነበረው ዘፈን እንመለስ። መነሻው ግማሹ አየርላንድ፣ ግማሹ ወሎ ነውና።

በኦክቶበር 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ለዓለም አሳየ። በወሩ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የብሪታኒያና የአየርላንድ ዘፋኞችን አሰባስበው ባንድ ኤይድን ሠሩ። ቦኖ የደረሰችው ስንኝ ከሁሉ መራራዋ ነበረች፤ መከራው በእነሱ እንጂ በአንተ ላይ ባለመውረዱ አመስግን የሚል መንፈስ ያላት። ዘፈኑ ገናን ከብዙ ምዕራባውያን በፊት ማክበር የጀመረች አገር ገና መሆኑን ታውቅ እንደሆነ መጠየቁም ለብዙ ኢትዮጵያውያን እስከ ዛሬ የሚቆረቁር ነገር ነው። ይህም ዘፈን ተደግሞ ተቀድቷል፤ በ2004፣ ከዚያም ለኢቦላ በ2014። በ2014ቱ የቦኖ ስንኝ ተለውጣለች። የ1984ቷ ግን በየዓመቱ ዲሴምበር በየሱቁ ትዘፈናለች።

ከላይቭ ኤይድ በኋላ፣ በ1985፣ ቦኖና ባለቤቱ አሊ ካሜራ ሳያስከትሉ ወደ ወሎ ሄዱ። አጅባር በሚገኝ መጠለያ አንድ ወር ያህል ከልጆች ጋር ሠሩ። ስለ ጤናና ንጽሕና የሚያስተምሩ አጫጭር ዘፈኖችና ድራማዎች አዘጋጅተው በአገሬው ቋንቋ ያስጠኑ ነበር። ጸጉሩ ረጅም፣ ጆሮው ላይ ሎቲ ነበርና፣ ልጆቹ ቦኖን ጢም ያላት ሴት ይሉት እንደነበር ራሱ እየሳቀ ይናገራል።

ስለ ስም የለሽ መንገዶች የሚናገረውን ግጥም መጫጫር የጀመረው በዚያ ጊዜ ነው። በአእምሮው የነበረው ቤልፋስት ነው። እዚያ የሰውን መንገድ ስም ካወቅህ ሃይማኖቱን ታውቃለህ፤ የየትኛው መንገድ ወገን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ኪሱን ጭምር ትገምታለህ። አጅባር ደግሞ መንገድ ስም የለውም። ለአዲስ አበቤ ይህ ፈገግ ያሰኛል፤ ሰሌዳ የተተከለለትን ጎዳና እንኳ «ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት» ሲል የሚውል ነውና። ለቤልፋስት ሰው ግን ስም የሌለው መንገድ ማለት «የማን ወገን ነህ?» የማትባልበት ቦታ ነው። የሰው ስምና የትውልድ ቦታ ኬላ ላይ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል በቅርብ ዓመታት ያየ ኢትዮጵያዊም ይህን ጉጉት ያውቀዋል።

በ1987ቱ ቅጂ ዘፋኙ ወደዚያ ስፍራ ይሮጣል፤ ከበሮውና ጊታሩ ይዘውት ይበራሉ። በ2023ቱ ከበሮ የለም፤ ዘፋኙም አይሮጥም። ያ ቦታ እንዳለ አሁንም ያምናል፤ ሩቅ መሆኑን ግን ተረድቷል። ኢኖ ቴፑን አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ልዩነት የሚሰማ ሰው አይኖርም ነበር። የድጋሚ ቅጂ ክብር ያለው አሮጌው በሕይወት ሲቆይ ነው። አሮጌውን አጥፍቶ የሚታረም ታሪክ እርማት ሳይሆን መደለዝ ነው።

ቦኖ ከአጅባር ይዞት የተመለሰው ሌላም ነገር አለ፤ በንግግሮቹ ደጋግሞ ያነሣዋል። አንድ አባት ልጁን ታቅፎ መጣና ውሰደው አለው። ካንተ ጋር ቢሄድ ይኖራል፣ እዚህ ቢቀር ይሞታል አለው። ቦኖ ደንቡ አይፈቅድም ብሎ ልጁን ሳይቀበል ቀረ።

ከዚያ በኋላ ባሉት አርባ ዓመታት ስለ ዕዳ ስረዛና ስለ ኤድስ መድኃኒት የየአገሩን መሪዎች በር ሲያንኳኳ የኖረው፣ በራሱ አነጋገር፣ ያ ሰው ከአእምሮው ስላልወጣ ነው። አርባ ዘፈኖቹን ወስዶ የጎደላቸውን ሞላ፣ የተሳሳቱትን አረመ። ለዚያ አባት የሰጠውን መልስ ግን ደግሞ መቅዳት አልቻለም።